በአንድ የቅናሽ ካርድ ሦስት ዋጋ፦ በእንግሊዝ የባቡር ጣቢያ መስኮት የምንከፍለው ለምን ይለያያል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ የኮሌጅ ተማሪ ሲሆኑ፣ ከ16 እስከ 25 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የሚሰጠው የባቡር ቅናሽ ካርድ፣ ማለትም ሬይልካርድ፣ አላቸው። ከሚኖሩበት ከተማ ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚወስደውን የቀን ደርሶ መልስ ትኬት ሁልጊዜ የሚገዙት ከጣቢያው መስኮት ነው፤ ሙሉ ዋጋው 15 ፓውንድ ነው። በኦገስት ወር 9.90 ፓውንድ ይከፍሉ ነበር። ከሴፕቴምበር ወዲህ ግን አንደኛው ሻጭ 12 ፓውንድ ሲያስከፍሏቸው፣ ሌላዋ ሻጭ ደግሞ «ይህ ካርድ ጠዋት አይሠራም» ብለው ሙሉውን 15 ፓውንድ ተቀብለዋቸዋል። ባቡሩ ያው የጠዋት ባቡር ነው፤ ካርዱም ያው ካርድ ነው። ጠያቂው «ትክክለኛው ማን ነው? በትርፍ የከፈልሁትንስ ማስመለስ እችላለሁን?» ይላሉ።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥ። በኦገስት የከፈሉት 9.90 ትክክል ነበር፤ በሴፕቴምበር የከፈሉት 12ም ትክክል ነው፤ 15 ፓውንዱ ግን ስሕተት ስለሆነ፣ በዚያ ዋጋ በገዙት በእያንዳንዱ ትኬት ላይ 3 ፓውንድ እንዲመለስልዎት መጠየቅ ይገባዎታል። ሆኖም ምክንያቱን ሳያውቁ ገንዘቡን ብቻ ቢያስመልሱ በሚቀጥለው ወር ያው ነገር ይደገማል፤ ከዚያም የከፋ፣ ከሚገባው በታች የሆነ ዋጋ በየዋህነት ከፍለው በባቡሩ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሊጠይቅዎት ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ካርዱ የሚቀንሰው የትኬቱን ዋጋ አንድ ሦስተኛ እንደሆነ በየማስታወቂያው ይነገራል። በተግባር የሚቀነሰው ከአንድ ሦስተኛ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከመቶ 34 ነው። የ15 ፓውንድ ትኬት 10 ፓውንድ መሆኑ ቀርቶ 9.90 የሆነልዎትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ዋጋዎች በአምስት አምስት ፔኒ ስለሚስተካከሉ፣ በሁለት መስኮቶች መካከል የጥቂት ሳንቲሞች ልዩነት ብቻ ካዩ ሊያሳስብዎት አይገባም። የፓውንዶች ልዩነት ሲያዩ ግን ከበስተጀርባው አንድ ደንብ አለ፤ ወይም በትክክል ሠርቷል፣ ወይም በስሕተት ሠርቷል፣ ወይም ተረስቷል።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ ያለው ደንብ ዝቅተኛ ክፍያ የሚባለው ነው። ከ16 እስከ 25 ዓመት ባለው ካርድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ማለትም በእንግሊዞች አቆጣጠር ከ4፡30 እስከ 10፡00 ድረስ ሲጓዙ፣ ቅናሹ ዋጋውን ከ12 ፓውንድ በታች ሊያወርደው አይችልም። (ግራ እንዳንጋባ ከዚህ በኋላ ሰዓቱን በጣቢያው ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው፣ በእንግሊዞች አቆጣጠር እጠራለሁ።) ደንቡ በቅዳሜና እሑድ፣ በሕዝብ በዓላት፣ እንዲሁም በጁላይና በኦገስት ወራት አይሠራም፤ አስቀድመው ለተወሰነ ባቡር የሚገዙትን አድቫንስ የሚባለውን ትኬትም አይመለከትም። በኦገስት ጠዋት 8፡00 ላይ ተሳፍረው 9.90 መክፈልዎ፣ በሴፕቴምበር በዚያው ባቡር 12 መክፈልዎም በዚሁ ይፈታል። ሻጩ አልተሳሳቱም፤ ወሩ ተለወጠ እንጂ።

የዚህን ደንብ ውጤት በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የትኬቱ ሙሉ ዋጋ ከ18 ፓውንድ በጥቂቱ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ቅናሹ ተቀንሶም ከ12 በታች ስለማይወርድ ደንቡ መኖሩንም አያውቁም። ሙሉ ዋጋው በ12 እና በ18 ፓውንድ መካከል ከሆነ፣ እንደ እርስዎ ትኬት ማለት ነው፣ ከቅናሹ ከፊሉን ብቻ ያገኛሉ። ሙሉ ዋጋው ከ12 ፓውንድ በታች ከሆነ ደግሞ በዚያ ሰዓት ካርዱ ምንም አይቀንስልዎትም፤ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ እንጂ 12 ፓውንድ መክፈል የለብዎትም። የ9 ፓውንድ ትኬት ለመግዛት ካርዱን ያሳየ ተማሪ «ዝቅተኛው ክፍያ 12 ነው» ተብሎ 12 ሲጠየቅ ያጋጥማል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ የቅናሽ ካርድ ዋጋ ሊጨምርብዎት አይችልም።

አሁን ወደ 15 ፓውንዱ ልመለስ። «ይህ ካርድ ጠዋት አይሠራም» ያሉት ሻጭ ከምንም ተነሥተው አልተናገሩም፤ ነገር ግን የሌላ ካርድ ደንብ በእርስዎ ካርድ ላይ የሠሩበት ይመስለኛል። በለንደንና በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሚሠራው ኔትወርክ ሬይልካርድ በሥራ ቀናት ከ10፡00 በፊት በእርግጥ አይሠራም፤ ከዚያም በኋላ በሥራ ቀናት የ13 ፓውንድ ዝቅተኛ ክፍያ አለው። ሁለት ሰዎች አብረው የሚጓዙበት ቱ ቱጌዘር የሚባለው ካርድ በሥራ ቀናት ከ9፡30 በፊት አይሠራም። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት የሚሰጠው ካርድ፣ ጉዞው በሙሉ በለንደንና በደቡብ ምሥራቅ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት አይሠራም። የአካል ጉዳተኞች ካርድ ግን የሰዓት ገደብ የለበትም። ከ26 እስከ 30 ዓመት ያለው ካርድ የእርስዎን ካርድ ይመስላል፤ የ12 ፓውንዱ ደንብ ግን በጁላይና በኦገስትም አይነሣለትም። ይህን ሁሉ በአንድ የሥራ ፈረቃ፣ ከኋላ ባቡሩ ሊያመልጠው የሚቸኩል ሰልፈኛ እየተመለከተ፣ ሳያምታታ የሚሠራ ሻጭ ምስጋና ይገባዋል። ቢሆንም የእርሱ ድካም የእርስዎን ገንዘብ ለማስከፈል ምክንያት አይሆንም።

ለስሕተቱ በር የሚከፍተው ሌላ ነገር የትኬቱ ጠባይ ነው። በመስኮት የሚሸጠው ኤኒታይም የተባለው ትኬት ከአንድ ከተወሰነ ባቡር ጋር የተያያዘ ስላልሆነ፣ ሻጩ ካልጠየቀ ወይም እርስዎ ካልነገሩት፣ በ8፡00 ይሁን በ11፡00 እንደሚሳፈሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከዋዜማው ምሽት ላይ ለነገ ትኬት የሚገዙ ሰዎች የሚጋጩት ከዚህ ጋር ነው፦ አንዱ ሻጭ «በስንት ሰዓት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይጠይቅና 12 ያስከፍላል፤ ሌላው ሳይጠይቅ 9.90 ይቀበላል። ገዢው ሁለተኛውን ደግ፣ የመጀመሪያውን ክፉ አድርጎ ያስባል። እኔ ግን ከሁለቱ ሥራውን በሚገባ የሠራው የጠየቀው ነው እላለሁ።

ይህን ስል በባዶ ሕግ አክባሪነት አይደለም። በኦክቶበር 2024 በመላው ብሪታኒያ የተሰማው ጉዳይ ያስተማረን ነገር አለ። ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ፣ በዚሁ በእርስዎ ዓይነት ካርድ የተቀነሰ ኤኒታይም ትኬት ይዘው ከ10፡00 በፊት የተጓዙ ወጣቶችን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስድ ማስጠንቀቂያ መስጠቱ በዜና ተነገረ። በሰፊው በተወራው በአንደኛው ጉዳይ ልዩነቱ 1.90 ፓውንድ ብቻ ነበር። የትኬቱ ስም «በማንኛውም ሰዓት» ማለት ሆኖ ሳለ፣ በላዩ ላይ ያረፈው ቅናሽ በማንኛውም ሰዓት እንደማይሠራ ተሳፋሪው ከየት ይወቅ? ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው በሂደት ላይ የነበሩትን የዚህ ዓይነት ክሶች እንደሚያነሣና ያለፉትንም እንደሚመረምር አስታወቀ፤ መንግሥትም የባቡርና የመንገድ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጉዳዩን እንዲያጠና አዘዘ። በጁን 2025 የወጣው የተቆጣጣሪው ሪፖርት የትኬት ደንቦች ይበልጥ ግልጽ እንዲሆኑና ኩባንያዎች ተሳፋሪዎችን የሚይዙበት መንገድ አንድ ወጥ እንዲሆን አሳሰበ። በእኔ እምነት ይህ እጅግ የዘገየ ማሳሰቢያ ነው። የደንቡን ውስብስብነት የፈጠሩት ኩባንያዎቹና መንግሥት ሆነው ሳለ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው በጠዋት ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ የሚሮጠው ሰው መሆኑ ፍትሐዊ አይደለም፤ በተለይም ቋንቋው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው በሆነለት፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ወረቀት ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚያስፈራው በሆነ ሰው ላይ ሲወድቅ ጭነቱ እጥፍ ነው።

ስለዚህ 12 የሚገባበት ሰዓት ላይ 9.90 ቢጠይቁዎት፣ «ከ10፡00 በፊት ነው የምሳፈረው» ብለው ይናገሩ። 2.10 ፓውንድ ለማትረፍ ሲባል በእንግሊዝ 100 ፓውንድ እና የአንድ መሄጃ ዋጋ በሚያስከፍለው ቅጣት ውስጥ መግባት አያዋጣም። ይህንን ተናግረው ሻጩ «ምንም አይደለም» ብሎ በዝቅተኛው ዋጋ ቢሸጥልዎት፣ ደረሰኙን ይያዙ። ደረሰኙ ትኬቱን በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ከዚያ መስኮት እንደገዙ ያስረዳልዎታል፤ ቅጣት ቢጣልብዎትም በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለማለት የመጀመሪያው ማስረጃዎ ይሆናል።

ከዚሁ ሰዓት ጋር የተያያዘ አንድ ጥቅም ደግሞ አለ፤ ብዙ ሻጮች ካልተጠየቁ አይነግሩዎትም። ኦፍ ፒክ የሚባለው ርካሽ ትኬት በብዙ መሥመሮች በሥራ ቀናት ከ9፡30 ጀምሮ ይሠራል፤ የእርስዎ ካርድ ገደብ ግን እስከ 10፡00 ይዘልቃል። በእነዚያ ሠላሳ ደቂቃዎች ውስጥ የሚነሣ ባቡር ካለዎትና የኦፍ ፒኩ ሙሉ ዋጋ ለምሳሌ 11 ፓውንድ ከሆነ፣ ካርድዎን አሳይተው ለኤኒታይሙ 12 ከመክፈል ይልቅ ካርዱን ሳያነሡ ኦፍ ፒክ ደርሶ መልስ በ11 ቢገዙ ይሻልዎታል። ትምህርትዎ ዘግይቶ በሚጀምርበት ቀን ደግሞ ከ10፡00 በኋላ የሚነሣውን ባቡር ከጠበቁ፣ ያው የ11 ፓውንድ ትኬት በካርዱ ወደ 7.25 ይወርዳል። ስለዚህ ሻጩን «ካርዱ ስንት ይቀንስልኛል?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «በዚህ ሰዓት ለሚነሣው ባቡር ከሁሉ ርካሹ ትኬት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ካርድ ሳይሆን መሥመር ዋጋውን የሚለያይበትም ጊዜ አለ። ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው በአቫንቲ ወይም በለንደን ኖርዝዌስተርን ባቡር ወደ ለንደኑ ዩስተን ጣቢያ፣ ወይም በቺልተርን ባቡር ወደ ሜሪሌቦን ጣቢያ ሊሄድ ይችላል። በሁሉም የሚያሳፍር ትኬት አለ፤ በአንዱ ኩባንያ ብቻ የሚያሳፍር ርካሽ ትኬትም አለ። ከጋትዊክ አየር ማረፊያ ወደ ለንደን ሲመጡም ጋትዊክ ኤክስፕረስን የሚጨምረውና የማይጨምረው ትኬት ዋጋቸው የተለያየ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣቢያ፣ ሁለት የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሲገናኙ «ተታለልን» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በመስኮት ያሉ ሻጮች ለየትኛውም የባቡር ኩባንያ ሳያዳሉ የመሸጥ ግዴታ አለባቸው፤ ነገር ግን የሚመርጡልዎት በነገሯቸው ላይ ተመሥርተው ነው። «ወደ ለንደን» ብቻ ካሉ ብዙዎቹ በሁሉም ባቡር የሚያሳፍረውን ውድ ትኬት ይሰጡዎታል፤ «ቢዘገይም ግድ የለኝም፣ ርካሹን ስጡኝ» ካሉ ሌላ ዋጋ ይወጣል። ሦስት ሆነው ከሚጓዙ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰው ላለ ቡድን የሚሰጠው ግሩፕሴቭ የሚባለው የአንድ ሦስተኛ ቅናሽም እንዲሁ ነው፤ የሚቀበሉት የተወሰኑ ኩባንያዎች ብቻ ስለሆኑ፣ በአንዱ መሥመር አግኝተውት በሌላው ቢከለከሉ ሻጩ አልበደለዎትም።

የእርስዎ ጥያቄ ባይሆንም፣ በዚህ ርእስ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የታላላቆቻችን ጉዳይ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዝ ሰው፣ ምንም ዓይነት ካርድ ሳይኖረው፣ ለራሱና አብሮት ለሚሄድ አንድ ሰው ቅናሽ ይገባዋል፦ በኤኒታይም የቀን ደርሶ መልስ ትኬት ላይ ግማሽ፣ በሌሎቹ የኤኒታይም ትኬቶች ላይ ደግሞ ከመቶ 34። ማየት የተሳነው መሆኑን ያስመዘገበ ሰውም ከአጃቢ ጋር ሲሄድ ያንኑ ያገኛል። እነዚህን ቅናሾች በድረ ገጽ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ተፈጥሯዊ ቦታቸው መስኮቱ ነው። ዘወትር የሚሸጡ ስላልሆኑም አንዳንድ ሻጭ «ካርድ ከሌለ ቅናሽ የለም» ብሎ ይመልሳል። እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ሲሄዱ ይህን መልስ ከሰሙ በትሕትና ግን በጽናት ደንቡን እንዲያዩ ይጠይቁ፤ ወይም ሌላ ባልደረባ እንዲጠራ ያድርጉ።

እንዲሁም በለንደን ፍሪደም ፓስ፣ ማለትም በከተማዋ ውስጥ በነጻ የሚያስኬድ ካርድ፣ ያላቸው አረጋውያን ከከተማዋ ውጭ ሲጓዙ፣ በዞን 6 (የለንደን የትራንስፖርት ዋጋ ከተከፋፈለባቸው ክልሎች ስድስተኛው) ድንበር ውስጥ ላለው መንገድ ሁለተኛ ጊዜ መክፈል የለባቸውም። በሥራ ቀናት ባብዛኛው ከ9፡30 በኋላ ፓሳቸው በሚሠራበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ወደ ብራይተን ለመሄድ፣ ከዞን 6 ድንበር የሚጀምር ትኬት መጠየቅ ይችላሉ፤ ባቡሩ በድንበሩ ላይ ባይቆምም ትኬቱ ይሠራል፤ የአረጋውያን ሬይልካርድ ካላቸውም ቅናሹ በዚሁ ላይ ይታሰባል። ይህን ትኬት ብዙ ድረ ገጾች ስለማይሸጡት ብዙውን ጊዜ መስኮት ያስፈልጋል። በ2023 በእንግሊዝ አብዛኞቹን የትኬት መስኮቶች ለመዝጋት የወጣው ዕቅድ ከ700,000 በላይ አስተያየቶች ቀርበውበት በኦክቶበር 31 ሲሰረዝ ደስ ያለኝ ስለዚህ ነው። መስኮቱ ቢሳሳትም ቢያንስ ሊነጋገሩት የሚቻል ሰው አለበት።

አሁን በእጅዎ ስላለው ጉዳይ። ከእንግዲህ በመስኮት ሲቆሙ አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ፦ መድረሻዎን፣ የሚሳፈሩበትን ሰዓት፣ የሚመለሱበትን ጊዜና የካርዱን ሙሉ ስም። ካርዱን አሳይቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ በስልክ ላይ ያለውን ካርድ ሻጩ በመስታወቱ ውስጥ አሻግሮ ሲያየው የትኛው እንደሆነ ላይለየው ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ዋጋውን ይስሙ፤ የካርዱ ቅናሽ ታስቦ ከሆነ በትኬቱ ላይ የካርዱ ስም ወይም አሕጽሮቱ ይታተማል፤ ለእርስዎ ካርድ ዋይ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። ከሌለ ወዲያው እዚያው ይመልሱት፤ ከመስኮቱ ሳይርቁ ማስተካከል ከሳምንት በኋላ ከመጻጻፍ እጅግ ይቀልላል።

በትርፍ የከፈሉትን ለማስመለስ የሚጽፉት መስኮቱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው፤ የተሳፈሩበት ባቡር የሌላ ኩባንያ ሊሆን ስለሚችል ይህን አስቀድመው ያጣሩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኬቱን ዓይነት፣ የከፈሉትንና መክፈል የነበረብዎትን በቁጥር ይጻፉ፤ የካርዱን ቁጥርና የትኬቱን ፎቶ ያያይዙ። ብዙ ሰው ማስረጃ የሚያጣው የመውጫው በር ትኬቱን ስለሚያስቀርበት ነው፤ ስለዚህ እንደገዙ ፎቶ ማንሣትን ልማድ ያድርጉት። ያለፉት ትኬቶች ፎቶ ከሌለዎት የባንክ መግለጫዎ ላይ የ15 ፓውንዱ ክፍያ ከእነ ቀኑ ይገኛል። ደብዳቤዎ የሰውን ስም እንዲከስ አልመክርም፤ ደንቡን ጠቅሶ ልዩነቱን መጠየቅ ይበቃል። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ በባቡር አገልግሎትም ላይ ስለሚሠራ፣ አገልግሎቱ በተገቢው ጥንቃቄ እንዲሰጥዎት መብት አለዎት። ኩባንያው እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የባቡር ዕንባ ጠባቂ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይመለከተዋል፤ እርስዎ ከተቀበሉት ውሳኔው ኩባንያውን ያስገድደዋል።

በመጨረሻም ስለ ካርዱ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ከማርች 2025 ጀምሮ 35 ፓውንድ የሚሸጠውን ይህን ካርድ እስከ 26ኛ ልደትዎ ዋዜማ ድረስ መግዛት ይችላሉ፤ የገዙትም ሙሉውን ዓመት ያገለግልዎታል። ዕድሜዎ ካለፈ በኋላም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆኑ፣ የትምህርት ቤትዎን ማረጋገጫ አቅርበው ይህንኑ ካርድ ማውጣት ይፈቀድልዎታል። በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ትምህርት የጀመሩ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም፤ «ከ25 ዓመት በላይ ነዎት» የሚል ሻጭም ያጋጥማቸዋል። በስልካቸው ወይም በእጃቸው ያለው ካርድ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ሻጩ የሚያየው ካርዱን ነው፤ ዕድሜያቸው ቅናሹን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።